በጉያ የመጣ ደም

ኬሬክማል፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.)

ለልጄ ለዴኔሽ፣

በረከትና ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ብርዱ ገብቷል፤ መብራት በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ በጎቹም ከተራራው ወርደዋል። አንተን ግን ከየትኛው ተራራ እንደምናወርድህ ጨንቆናል! በሁለት ዓመት አንዲት ፖስታ ካርድ? እናትህ፣ የአጎቴ ልጅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ኖሮ ጆሮህን ይዛ ነበር የምታጽፍህ። ከአባትህ በጎች ሸሽተህ ቡዳፔስት ገባህ፤ እዚያ ደግሞ የበግ ደም ያስቆጥሩሃል አሉ። ሰው ከዕጣው ወዴት ይሸሻል!

ቀልዱ ይቅር። የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ኤኒኮ ነው። ከሠርጓ በፊት የያዛትን በሽታ ታውቀዋለህ፤ ፊቷን ፀሐይ ሲነካው የሚያቀላው፣ መገጣጠሚያዋን የሚቆረጥማት፣ ደሟ የገዛ አካሏን እንደ ባዕድ እያየ የሚጣላባት። ሦስት ዓመት ተኝቶላት ነበር። አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ አብጧል፤ ሽንቷ አረፋ ይደፍቃል፤ የደም ግፊቷም ወጥቷል። ባሏ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የሚመጣው በሁለት ወር አንዴ ነው።

የከተማው ሆስፒታል ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ግን አትዋሽም። «እማማ ሬቤካ፣» አለችኝ፣ «ሁለት በሽታ አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሰው ቆመውብኛል። አሮጌው በሽታዋ ተነሥቶ ከሆነ ክኒኑን አበዛላታለሁ፤ ልጁም ሆዷ ውስጥ ይቆያል። የእርግዝናው በሽታ ከሆነ ግን ክኒን አያድናትም፤ ልጁን ቶሎ ማውጣት ነው። ተሳስቼ ባወጣው ልጁን በከንቱ እገድላለሁ። ተሳስቼ ብቆይ ደግሞ እሷን።» ሁለቱን የሚለይ የደም ምርመራ አለ አለችኝ። እኛ ጋ የለም፤ ከድንበር ማዶ፣ ቡዳፔስት ግን አለ። ስሙን በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ኮምፕሊመንት። ቤት ገብቼ ያቺን የድሮ ካርድህን ባወጣ፣ የምትሠራው ሥራ ያው ስም ሆኖ አገኘሁት። ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ደሟን ብልክልህ ትመረምርልኛለህ? እንዴት እንደሚላክ ቶሎ ጻፍልኝ። ሁለት ሎሚ ብታገኝም ላክ፤ አምሯታል። ከውጭ የመጣ ደብዳቤ፣ እንደምታውቀው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጎረቤት ሁሉ ነው የሚነበበው። ስለ ሚስትህ የምትጽፈው ነገር ካለህ በሌላ ወረቀት አድርገው።

አክስትህ ሬቤካ


ቡዳፔስት፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1986

ለእትዬ ሬቤካ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለኤኒኮና ለመላው ጎረቤት። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነው፤ ድንበር ላይ የከፈተውም ሰው ሰላም ይሁን፣ እሱም የእናት ልጅ ነው።

እንዴት አልመረምርም እትዬ? ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳዎ። በደማችን ውስጥ ዘቦች አሉ። ኮምፕሊመንት የምንላቸው እነሱን ነው። ተኝተው ይኖራሉ፤ ጠላት ሲገባ አንዱ አንዱን እየቀሰቀሰ ይነሣሉ። በኤኒኮ አሮጌ በሽታ ግን በገዛ ቤታቸው ላይ ይነሡና እየተዋጉ ያልቃሉ። በእርግዝናው በሽታ አያልቁም። ስለዚህ ስንት እንደቀሩ ቆጥሮ ማወቅ ነው።

የምንቆጥረውም እርስዎ በሳቁበት በግ ነው። የበጉን የደም ሴሎች ጠላት አስመስለን ከሰውየው የደም ውሃ ጋር እናገናኛቸዋለን። ዘቦቹ ካሉ ሴሎቹን ይሰነጥቋቸዋል፤ ውሃውም ወይን ጠጅ መስሎ ይቀላል። ዘቦቹ ካለቁ ሴሎቹ ሳይነኩ ከታች ይዘቅጣሉ፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይቀራል። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ ሃያ ዓመቴ ነው። እዚህ አገር ከእኔ በላይ የሚያውቀው አምስት ሰው አይሞላም።

አላላኩን ልብ ይበሉ። ደሙ በቱቦው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ይርጋ። መርጋቱ ብልሽት አይደለም። ከዚያ ነርሷ በማሽን ታሽከርክረውና ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ ብቻ ወስዳ ታቀዝቅዘው። በበረዶ ተከቦ ይምጣ። ሙቀት ካገኘው ወይም ከተነቀነቀ፣ ዘቦቹ ጠላት ሳይኖር ተኩሰው ይጨርሳሉ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስዎ ምንም እንዳይልኩ።

ሎሚውን እፈልግላታለሁ። ስለ ሚስቴ የተለየ ወረቀት አያስፈልግም፤ ሄዳለች።

ዴኔሽ


ኬሬክማል፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1986
በሰው እጅ

ዴኔሽ ልጄ፣

የአባቶቻችን አምላክ እጅህን ይባርክ፤ ዛሬ የምለምነው ለእጅህ ነው። ደብዳቤህን ስጠብቅ ዓይኔ መንገድ ላይ ቀረ። አልመጣም። ከእንግዲህ የምጠብቅበት ቀን የለኝም፤ ኤኒኮ ራሴን ፈለጠኝ ማለት ጀምራለች።

ይህን ወረቀት የምትሰጥህ ጎረቤቴ ቦርባላ ናት። ረሳሃት እንዴ? መንደሩ አሳማ ባረደ ቁጥር አርባ ዓመት ሙሉ ደም የምታማስለው ቦርባላ! ለቋሊማ የሚሆን ደም ከታረደባት ደቂቃ ጀምሮ እጅ ሳያርፍ ማማሰል እንደሆነ የእናትህ ልጅ ነህና ታውቃለህ። የረጋ ደም ለውሻ ነው። በቦርባላ እጅ አንድም ቀን ረግቶ አያውቅም። እህቷ እዚያ ቡዳፔስት ታማባት ፓስፖርት ሰጧት፤ ነገ ትሳፈራለች። እግዜር ራሱ የላካት መሰለኝ።

ሐኪሟ ለሳምንት ሌላ ወረዳ ተልካለች። ስለዚህ ደሙን የቀዳችው የመንደራችን ነርስ ናት፤ ሦስት ቱቦ። ቦርባላ ቆንጠር አድርጋ ጨው ጨመረችበት። ነርሷ «እንዴ፣ ይሄ ነገር...» ብላ ስትጀምር፣ «አንቺ ስትወለጂ እኔ ደም አማስል ነበር!» አለቻትና አፏን አስያዘቻት።

ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ነው። ባቡሩም ማሞቂያ የለውም። ቀዝቅዞ እንዳይሞትብን ፈራሁ። «አይዞሽ ሬቤካ፣» አለችኝ፣ «በጉያዬ ነው የምይዘው፣ እንደ ጫጩት። እስክደርስም አላሳርፈውም፤ ስነቀንቀው እሄዳለሁ። አንዲት ጠብታ አትረጋም።» አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው ዴኔሽ። ስትደርስ ትኩስ ሾርባ ስጣት።

መልሱን በቴሌግራም። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ «አውጡ» ወይም «ቆዩ»።

ሬቤካ


ቡዳፔስት፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1986

እትዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ ብዬ እጀምራለሁ። ቴሌግራሜ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደርሶዎታል። «ናሙናው በእጄ ተበላሸ። ሌላ ላኩ። በበረዶ።» ብዬ ነበር።

እትዬ ቦርባላ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ከባቡር ወርደው በቀጥታ ላቦራቶሪ መጡ። በረኛው አላስገባም ቢላቸው «አንተ ጉቶ፣ የሰው ደም ይዣለሁ!» ብለው ገፍተውት ገቡ። አሥራ ሰባት ሰዓት ሙሉ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጦ ነበር። ሦስቱን ቱቦ ከጡታቸው መሐል አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ይሞቁ ነበር። «አየህ? እንደ ውሃ ይፈስሳል!» አሉኝ። «እጅዎ ይባረክ» አልኳቸው። ሾርባም ሰጠኋቸው።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ስወስዳቸው ቱቦዎቹ ከእጄ አምልጠው ወደቁ። ተሰባበሩ። ምንም ማትረፍ አልቻልኩም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ለጎረቤቱም እንዲሁ ይንገሩልኝ።

ሁለተኛውን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ እንደጻፍኩት ብቻ ይላኩ። እለምንዎታለሁ፣ ልክ እንደጻፍኩት።

ዴኔሽ


ኬሬክማል፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1986

ዴኔሽ፣

ሰላም ልልህ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ግን ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጻፍ ነውር ነውና ሰላም ላንተ ይሁን።

በእጄ ተበላሸ? በእጄ! ሃያ ዓመት ደም ይዘህ የልጄን ደም መያዝ አቃተህ? ቴሌግራሙን ያመጣው ፖስተኛ ከእኔ በፊት ለግማሽ መንደር አንብቦት ነበር። ከበሩ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ድረስ ሴቶቹ በዓይን ሸኙኝ። አንዷ «እሱ ድሮም በግ ሲሸልት ጆሮ ይቆርጥ ነበር» አለች።

ኤኒኮ ግን ሳቀች። በዚያ ባበጠ ፊቷ! «ተይው እማዬ፣ አትቆጪው። እሱም ያሳዝናል፣ በሰው አገር ከበግ ጋር ብቻውን ቀርቷል» አለችኝ። ዛሬ ቀለበቷን በሳሙና አወለቅንላት፤ ጣቷ አብጦ። ሐኪሟ ተመልሳለች። ክኒኑን በጥቂቱ ጨምራ መልስ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ። ምን ላድርግ? ቀንም ሆነ ሌሊት የምችለው እግሯን ማሸት ብቻ ነው። እናት ነኝ ብዬ እግር አሻለሁ።

ሌላ ላኩ ትላለህ። በማን? ከቦርባላ በቀር በዚህ ወረዳ ፓስፖርት ያለው የለም። በበረዶ ትላለህ፤ አላላኩን የሚነግረኝን ደብዳቤህን እስከ ዛሬ ዓይኑን አላየሁትም።

ሬቤካ


ቡዳፔስት፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1987

እትዬ ሬቤካ፣

አዲሱ ዓመት ምሕረት ይዞ ይግባላችሁ። የዲሴምበር አሥራ አምስቱ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። የጻፉት ሁሉ ይገባኛል።

ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ባቡር ጣቢያ እሄዳለሁ። ከእናንተ በኩል የሚመጣው ባቡር ሲቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄድኩ የሚወርደውን ሰው እጅ አያለሁ። ቆርቆሮ፣ ጣሳ፣ ማሰሮ የያዘ ካለ እጠይቃለሁ። አንዱ የያዘው የኮመጠጠ ጎመን ነበር። ጣቢያው ውስጥ ያለ ፖሊስ ስም አውጥቶልኛል፤ «የበረዶ ነጋዴው» ይለኛል። ከሐኪሟ ጋር በስልክ ለመገናኘት አራት ጊዜ መስመር አስይዣለሁ። ሁለቴ መስመር የለም አሉኝ፤ ሁለቴ ተቆረጠ።

ሎሚ አግኝቻለሁ። ስድስት ነው። በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ኤኒኮን ይሳሙልኝ።

ዴኔሽ


ኬሬክማል፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1987
በሰው እጅ

ዴኔሽ ልጄ፣

የሰጠ አምላክ ነሣ፤ ስሙ ይባረክ ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ፤ አፌ ብቻ ነው የሚለው።

ኤኒኮን ትናንት ቀበርናት።

ሰኞ ቀትር ላይ ነው። ሐኪሟ አጠገቧ ነበረች። ኤኒኮ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች፤ ከዚያ መላ አካላቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሮጠው ወሰዷትና ልጁን አወጡ። ሴት ናት፤ አንድ ኪሎ ተኩል አትሞላም፤ ታለቅሳለች። እናቷ ግን አልነቃችም። ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ካባዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ማጽናናት ያለብኝ እኔ ሆንኩ።

አሁን አንድ ነገር ስማኝ። ሁለቱ ደብዳቤዎችህ የገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24 ቀን፣ አንድ ላይ ደረሱኝ። ቀድሞ የተጻፈውን ከፖስታ ቤቱ በር ሳልርቅ ቆሜ አነበብኩት። መርጋቱ ብልሽት አይደለም፣ ሙቀት አይንካው፣ አይነቅነቅ። በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። የጣልከው ቱቦ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። እሁድ ለሰው ሳነበው ያን መስመር ዘለልኩት። ማንም አላወቀብኝም። አንተን ስለ ሰደብኩህ ይቅር በለኝ፤ በሰው ፊት ግን መስደቤን አልተውም፤ ይገባሃል ለምን እንደሆነ።

ወሳጅ ስንፈልግ ከርመን፣ ቅዳሜ፣ ገና በሕይወት ሳለች፣ ሐኪሟ እንደጻፍከው አድርጋ ደም ቀድታላት ነበር። ረግቶ፣ ዞሮ፣ ቢጫው ውሃ ብቻ። በወተት ጣሳ፣ በበረዶና በጨው ተከቦ መስኮት ላይ አደረ። የሚወስደው ሰው ግን አልነበረም። ዛሬ የቄሱ እንግዶች በመኪና ወደ እናንተ ይመለሳሉና ይዘውልህ ይመጣሉ።

ምን ይጠቅማል ትለኝ ይሆናል። ማወቅ እፈልጋለሁ። መርምርና ንገረኝ። እንዳትዋሸኝ፤ አንዴ ዋሽተኸኛል፣ ይበቃል።

ሬቤካ


ቡዳፔስት፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1987

እትዬ ሬቤካ፣

ምን ብዬ ላጽናናዎ? እግዚአብሔር ነፍሷን ከቅዱሳን ጋር ያኑርልን። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም።

ጣሳውን ስከፍተው በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያማረ ናሙና አይቼ አላውቅም። ዛሬ ሰኞ ጠዋት የበጉን ሴሎች አዘጋጅቼ ሠራሁት። ውሃው በአንዴ ቀላ። ደገምኩት፤ ቀላ። ሦስተኛም አደረግሁት። ዘቦቹ ሁሉም ነበሩ እትዬ። አንድም አልጎደለም።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። በአንዱ ላይ ዋሽቼ ነበር። ግን አትዋሸኝ ብለውኛል። አሮጌው በሽታዋ አልነበረም። የእርግዝናው ነው። መልሱ «አውጡ» ነበር። በዲሴምበር ብናውቀው ምናልባት ትተርፍ ነበር፤ ሕፃኗ ግን በዚያን ጊዜ ትተርፍ ነበር ወይ፣ እሱን አላውቅም።

ጥፋተኛ ከፈለጉ በጉያው ያሞቀውን ሰው አይፈልጉ። እኔ ዲሴምበር ሁለት ቀን ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፖስታ ቤት ሄጄ ሦስት ቃል ቴሌግራም መላክ እችል ነበር። «በበረዶ። ሳይነቀነቅ። ጠብቁኝ።» በማግሥቱ ይደርስ ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ስለ ዘብና ስለ በግ አራት ገጽ ጻፍኩ። በእሁዱ ንባብ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ «አይ ዴኔሽ፣ ስንቱን ያውቃል!» እንዲል ፈልጌ ነው። እውነቱ ይኸው ነው። ቱቦ አልጣልኩም፤ የጣልኩት ሳምንቱን ነው።

ሎሚዎቹ ከመልእክትዎ በፊት ተልከው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይደርሱዎታል።

ዴኔሽ


ኬሬክማል፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1987

ዴኔሽ ልጄ፣

ሰላም ላንተ፣ ምሕረትም ለሁላችን። ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። ለብቻዬ ጎተራ ውስጥ አነበብኩት። ዛሬ ግን እሁድ ነው፤ ደብዳቤ መምጣቱን ፖስተኛው ለሁሉ ነግሯል፤ ሰው ተሰብስቧል። ምን ላድርግ? መነጽሬን አደረግሁ።

ቦርባላ ከምድጃው አጠገብ ነበረች። ከእህቷ ዘንድ የተመለሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄዳ ሕፃኗን በመስታወቱ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አየቻት። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑም ይቀዘቅዛል። «ይሄ ሬሳ ማስቀመጫ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሸሚዟን ከፈተችና ሕፃኗን አውጥታ ጡቶቿ መሐል አስገባቻት። ነርሶቹ ሊከለክሉ ሲሉ ሐኪሟ «ተዉአት» አለች። ይኸው አንድ ወሯ ነው። እኔ የምቀበላት ቦርባላ ስትበላና ስትታጠብ ብቻ ነው። ሕፃኗ ሬካ ትባላለች። አሁን ሁለት ኪሎ ሞልታ ቤት ገብታለች። ቦርባላ ተቀምጣም ቆማም ታወዛውዛታለች፤ አንጓዋ እንደ ዳቦ አብጧል፤ አታርፍም።

ማንበብ ጀመርኩ። ሰላምታውን አነበብኩ። ስለ ጣሳው አነበብኩ፤ ደስ አላቸው። ዘቦቹ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ስለ ቴሌግራሙም ዘለልኩት። ሎሚዎቹ ጋ ደረስኩ። ሎሚዎቹ ደርሰዋል፤ ስድስቱም። ሁለቱን መቃብሯ ላይ አስቀመጥኩ።

«እና ምርመራው ምን አለ?» አለች ቦርባላ።

«ምንም ቢደረግ አትተርፍም ነበር ይላል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እጁ ይሰበር ግን!» አለች። «ያን ሁሉ መንገድ አንድ ጠብታ ሳላስረጋ አምጥቼለት!» ሴቶቹም «እውነቷን ነው» አሉ። ቻለው ልጄ። ከእኔ ጋር ተካፈለው። ከአሁን በኋላ እዚህ መንደር ያለህ ስም ይኸው ነው።

አሁን የምጠይቅህ የወተት ዱቄት ነው፤ ለሕፃናት የሚሆነውን። ሌላ የምፈልገው የለኝም።

ወረቀቱን ሳጥፍ «አለቀ እንዴ? ያ ሁሉ ገጽ? ሌላስ ምን ይላል?» አለችኝ ቦርባላ።

ምን ልበላት? «ሕፃኗን በጉያችሁ አሙቋት ይላል» አልኳት። «ሳታቋርጡም አወዛውዟት ይላል።»

ቦርባላ ሸሚዟን ከፈት አድርጋ ሬካን አየቻትና መልሳ ሸፈነቻት።

«እሱ ነው ደግሞ እኔን የሚያስተምረኝ?» አለች።

አክስትህ ሬቤካ